ሁለቱ ሩዝቬልቶችና ሰባተኛ አያታቸው፣ የሆላንዱ ገበሬ ክላስ

ዘር ቆጣሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የማነሳው የሩዝቬልቶችን የዘር ሐረግ ነው። እኛን የሚነካ ነገር ስላለው ነው እዚህ ያመጣሁት። አጼ ምኒልክ በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረሙ ዋሽንግተን ላይ ፕሬዚዳንቱ ቴዎዶር ሩዝቬልት ነበር። ጃንሆይ ደግሞ የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ስዊዝ ቦይ ላይ፣ ታላቁ መራራ ሐይቅ በሚባለው ቦታ፣ ኩዊንሲ በተባለች የጦር መርከብ ላይ ያነጋገሩት ፍራንክሊን ሩዝቬልትን ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን አባትና ልጅ ወይም ወንድማማች አድርጎ ያስባቸዋል። አይደሉም። ዝምድናቸው የሩቅ ነው። የሚገናኙት በአንድ ወላጅ አልባ ልጅ ላይ ነው፤ ኒኮላስ ይባላል።

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የኒኮላስ አባት ክላስ ማርተንዘን ፋን ሮዘንፌልት የሚባል ሆላንዳዊ ነው። ያኔ ኒውዮርክ ኒው አምስተርዳም ነበረች። የሆላንዱ የምዕራብ ህንድ ኩባንያ የሚያስተዳድራት፣ የቢቨር ቆዳ የሚነገድባት ትንሽ የወደብ ከተማ። ክላስ መቼ መርከብ እንደተሳፈረ የሚናገር ወረቀት የለም። በመዝገብ ላይ ብቅ የሚለው በ1650 ነው፤ ክርስቲያን የተባለ ልጁን በከተማዋ ቤተ ክርስቲያን ክርስትና ሲያስነሳ። በ1652 ላምበርት ፋን ፋልከንቡርግ ከሚባል ሰው እርሻ ገዛ። ስፋቱ በእነሱ ልክ 24 ሞርገን፣ በሄክታር 20 ግድም ነው። በእኛ ግማሽ ጋሻ ማለት ነው። ዛሬ ኤምፓየር ስቴት የተባለው ፎቅ የቆመው እዚያ እርሻ ላይ ነው።

ክላስ ግን ብዙ አልቆየም። በ1659 ግድም ሞተ። ሚስቱ ያኔትዬም በ1660 ተከተለችው። በ1658 ክርስትና የተነሳው ኒኮላስ ገና በ2 ዓመቱ እናትም አባትም አልነበረውም። ደግነቱ ኒው አምስተርዳም ውስጥ የሙት ልጆችን ንብረት የሚጠብቁና ሞግዚት የሚሾሙ የከተማ ሹማምንት ነበሩ፤ የመጣውም ከሆላንድ ሕግ ነው። ልጁ 6 ዓመት ሲሞላው በ1664 እንግሊዞች መጥተው ከተማዋን ያለ ውጊያ ተረከቡ፤ ስሟም ኒውዮርክ ሆነ። ሆላንዶች በ1673 መልሰው ያዟት፣ በዓመቱ ደግሞ ለቀቁ። እንግዲህ አስቡት፣ ልጁ ጎልማሳ ሳይሆን ሦስት ጊዜ መንግሥት ተቀየረበት።

ካደገ በኋላ ኒኮላስ ወደ ሰሜን፣ ሃድሰን ወንዝ ዳር ወዳለው ኢሶፐስ ሄዶ በጸጉራም ቆዳ ንግድ ሠራ። ሃይልትዬ ያንስ ኩንስትን በ1682 አገባ። በኋላ ኒውዮርክ ተመልሶ የከተማው ምክር ቤት አባል እስከ መሆን ደረሰ። ከልጆቹ ሁለቱን ያዙልኝ። ዮሐንስ በ1689፣ ያኮቡስ በ1692 ተወለዱ። የዮሐንስ ዘር ኦይስተር ቤይ፣ የያኮቡስ ዘር ሃይድ ፓርክ የሚባለው ቅርንጫፍ ነው።

አሁን ከፍራንክሊን ተነስታችሁ ወደ ላይ ቁጠሩ። አባቱ ጄምስ። አያቱ አይዛክ። ቅድመ አያቱ ጄምስ። ቅም አያቱ አይዛክ። ምንዥላቱ ያኮቡስ። እንጅላቱ ኒኮላስ። ፍናጅላቱ ክላስ። በቴዎዶር በኩልም ቁጠሩ። ቴዎዶር የሚባለው አባቱ፣ ኮርኔሊየስ፣ ጄምስ፣ ያኮቡስ፣ ዮሐንስ፣ ኒኮላስ፣ ክላስ። በሁለቱም በኩል ክላስ ሰባተኛ ላይ ቁጭ ይላል። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው።

ጠያቂው፦

ደስ የሚል ነገር ነው ያመጣኸው ወንድሜ። አንድ ጥያቄ አለኝ። ክላስ ከሆላንድ የት አገር ነው? አንዳንድ ቦታ የባላባት ልጅ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ።

የሮተርዳም ልጅ፦

ለዚህ እኔ ልመልስ፣ እዚሁ ሆላንድ ስለምኖር። በብዛት የሚጠቀሰው ዜላንድ የሚባለው ክፍለ ሀገር ነው፤ በተለይ ቶለን ደሴት ላይ ያለችው አውድ ፎሰሜር የምትባል መንደር። እዚያ አካባቢ ሮዘንፌልት በሚለው ስም የሚጠራ መሬት ነበረ፣ ስሙን የያዙ ባለርስቶችም ነበሩ። ነገር ግን ክላስን ከእነዚያ ባለርስቶች ጋር የሚያገናኝ አንድ ወረቀት አልተገኘም። አባቱ ማርተን እንደሚባል የምናውቀው ከራሱ ስም ነው። ስሙ ላይ «የማርተን ልጅ» የሚል ስላለ። ከማርተን በላይ ጨለማ ነው።

እንደኔ «ባላባት ነበር» የሚለውን መተው ይሻላል። አሜሪካ ውስጥ ሰው ሀብታም ከሆነ በኋላ ለአያቱ ጋሻና ዓርማ ማፈላለግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጣም የተለመደ ነበር። ሰፈሩ ውስጥ «ትንሹ ክላስ» ይሉት የነበረ፣ ግማሽ ጋሻ እርሻ የገዛ ሰው መሆኑ አይበቃም እንዴ?

ዜላንዶች ግን ዝምድናውን ወደውታል። ሚድልቡርግ ከተማ ውስጥ በሩዝቬልት ስም የሚጠራ ኮሌጅ አለ። ፍራንክሊን በ1941 ንግግሩ ላይ በጠቀሳቸው አራት ነጻነቶች ስም የሚሰጠው ሽልማትም እዚያው ከተማ ነው የሚሰጠው።

የሜሪላንድ እናት፦

እኔን የሳበኝ የስሙ ነገር ነው። ክላስ የማርተን ልጅ ስለሆነ ማርተንዘን ተባለ። የእሱ ልጆች ደግሞ በዚያ ልማድ ቢሆን የክላስ ልጅ እየተባሉ ነበር የሚጠሩት። ይሄ እኮ ቁርጥ የእኛ ነው! «ፋን ሮዘንፌልት» የምትለዋ የአገር መጠሪያ ሩዝቬልት ተብላ ቋሚ የቤተሰብ ስም ሆና የቀረችው እንግሊዞች ከመጡ በኋላ፣ በኒኮላስ ጊዜ ነው። እንግሊዞች ግብር ሲሰበስቡም ውርስ ሲመዘግቡም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ አንድ ስም ነበር የለመዱት።

እኔ እዚህ አሜሪካ ልጄን ትምህርት ቤት ሳስመዘግብ የእኔም፣ የባለቤቴም፣ የልጄም የመጨረሻ ስም የተለያየ ሆኖ አገኙት። የምታስተናግደኝ ሴት እናትነቴን ተጠራጥራ የልደት ወረቀት አምጪ፣ የጋብቻ ወረቀት አምጪ እያለች አመላለሰችኝ። በጣም ነው ያዘንኩት። አሁን ብዙ ሰው ለልጁ የአያቱን ስም ቋሚ እያደረገ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ የማላውቀው ሰው፣ የኔ ዘር፣ ያንን ስም ይዞ ሲሄድ ምንጩን ማን ይነግረዋል?

ሌላው የሴቶቹ ነገር ነው። የሆላንድ ሴቶች ሲያገቡ ስማቸውን አይቀይሩም ነበር። ሃይልትዬ ያንስ ኩንስት ካገባችም በኋላ ሃይልትዬ ያንስ ናት። በሆላንድ ሕግ ባልና ሚስት አንድ ላይ ኑዛዜ ይጽፉ ነበር፣ ሴቷም በስሟ ትነግድ ነበር። የእንግሊዝ ሕግ ሲመጣ የሚስት ንብረት በባሏ እጅ ገባ። የዘር ሐረግ ስትፈልጉ ከ1664 በፊት ያሉት ሴቶች ቶሎ የሚገኙት፣ ከዚያ በኋላ ያሉት የሚጠፉት ለዚህ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጆቼ፣ ጥሩ ጨዋታ ነው የያዛችሁት። ሰባት ቤት ከተነሳ አይቀር የኤሊነርን ጉዳይ ለምን ዘለላችሁት? ኤሊነር እኮ ሩዝቬልት ሆና ተወልዳ ሩዝቬልት ያገባች ናት። የቴዎዶር ወንድም የኤሊየት ልጅ ነች። አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ መጋቢት 17 ቀን 1905 ኒውዮርክ ውስጥ ስታገባ የዳራት አጎቷ ቴዎዶር ነው። ፕሬዚዳንት ሆኖ ሳለ ማለት ነው።

እስቲ እንቁጠር። ፍራንክሊን ከኒኮላስ ስድስተኛ ነው። ያኮቡስ አንድ፣ አይዛክ ሁለት፣ ጄምስ ሦስት፣ አይዛክ አራት፣ ጄምስ አምስት፣ እሱ ስድስት። ኤሊነር ግን ሰባተኛ ናት። ዮሐንስ፣ ያኮቡስ፣ ጄምስ፣ ኮርኔሊየስ፣ ቴዎዶር፣ ኤሊየት፣ እሷ። እኔ ባደግሁበት አገር እነዚህ ሁለት ልጆች ለጋብቻ ቢታሰቡ ሽማግሌዎቹ «በእሷ በኩል ሞልቷል፣ በእሱ በኩል አንድ ቤት ይጎድላል» ብለው ይመልሱ ነበር።

የጎጃም ሰው፦

ጋሽ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በእኛ በኩል አቆጣጠሩ ትንሽ ይለያል። እኛ ኒኮላስን ራሱን አንድ ብለን ነው የምንጀምረው። እንደዚያ ከሆነ ፍራንክሊን ሰባት፣ ኤሊነር ስምንት ናቸው። ጋብቻው ይጸናል።

ጡረተኛው መምህር፦

ግንዱን ከቆጠርክማ ልክ ነህ። ከእኛ አካባቢ ሽማግሌዎች ጋር ግን ብዙ ትከራከር ነበር።

ጥቁር መዝገብ፦

እስካሁን የተጻፈውን በደስታ ነው ያነበብኩት። ግን አንድ ትልቅ ነገር ቀርቷል፣ እሱን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

መጀመሪያ መሬቱ። ክላስ እርሻውን ከላምበርት ገዛ፤ ላምበርትስ ከማን ነው ያገኘው? ኒው አምስተርዳም ያለችበት የማንሃታን ደሴት ሌናፔ የተባለው ነባር ሕዝብ አገር ነበር። ክላስ በመዝገብ ከመታየቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከ1643 እስከ 1645፣ ኪፍት የተባለው የኩባንያው ገዢ በሌናፔዎች ላይ ጦርነት ከፍቶ ሴትና ሕጻን ሳይለይ አስፈጅቷል። ኒኮላስ ሀብት የጀመረበት ኢሶፐስም በ1659 እና በ1663 ሁለት ጦርነት የተካሄደበት የኢሶፐስ ሰዎች አገር ነው።

ሁለተኛ፣ ኒው አምስተርዳምን ማን ሠራት? ከ1620ዎቹ ጀምሮ ኩባንያው ያመጣቸው አፍሪካውያን ናቸው ምሽጉን የገነቡት፣ መንገዱን የጠረጉት። በ1644 የተወሰኑት ግማሽ ነጻነት የሚሉት ተሰጣቸው። መሬት አገኙ፣ በየዓመቱ ለኩባንያው ግብር ይከፍላሉ። ልጆቻቸው ግን ባሪያ ሆነው ይቀራሉ። የተወለደው ብቻ ሳይሆን ያልተወለደውም። ይሄን አንቀጽ ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ሦስተኛ፣ ቤተሰቡ ራሱ። በ1741 ኒውዮርክ ውስጥ እሳት በተደጋጋሚ ተነሳና ጥቁሮች አሲረዋል ተባለ። ከተከሰሱት አንዱ ክዋክ ይባላል። የጆን ሩዝቬልት ባሪያ ነው። ሚስቱ በምሽጉ ውስጥ የገዢው ወጥ ቤት ነበረች፤ እሱ ግን እዚያ ገብቶ እንዳያያት ተከልክሎ ነበር። ምሽጉን አቃጥለሃል ተብሎ ግንቦት 30 ቀን 1741 ከነሕይወቱ በእሳት ተቃጠለ። በዚያ ዓመት እንደ እሱ የተቃጠሉና የተሰቀሉት ጥቁሮች 30 ይደርሳሉ። የእነሱን ሰባት ቤት ማን ይቆጥርላቸዋል?

ጠያቂው፦

ያሳዝናል። ግን ወንድሜ፣ ውይይቱ ስለ ዘር ሐረግ ነው የተከፈተው። የእያንዳንዱን ቤተሰብ ኃጢአት እዚህ ከዘረዘርን ማለቂያ አለው?

ዘር ቆጣሪ፦

አይ፣ እሱ ልክ ነው። እኔም በጣም የማምንበት ነገር ስለሆነ ልናገር። የዘር ሐረግ ማለት ስም በስም ላይ መደርደር ብቻ ከሆነ ጥቅሙ ምንድነው? ኦይስተር ቤይ የሚባለውን ግንድ ዮሐንስን ስንቆጥር፣ በዚያው ትውልድ በዚያው የቤተሰብ ስም ሥር ክዋክ የሚባል ሰው እንደነበረም መቆጠር አለበት። በሃይድ ፓርክ በኩልም እንዲሁ ነው። የፍራንክሊን ቅም አያት አይዛክ በነጻነት ጦርነቱ ከአብዮተኞቹ ወገን ስለቆመ «አርበኛው» ይባላል፤ ኒውዮርክ በ1788 ሕገ መንግሥቱን ስታጸድቅ ድምጽ ከሰጡት አንዱ ነው፣ የኒውዮርክ ባንክ ፕሬዚዳንትም ሆኗል። ሀብቱ ግን ከምን መጣ? ስኳር ያጣራ ነበር። ያ ስኳር የሚመጣው ካሪቢያን ላይ አፍሪካውያን በጅራፍ ከሚሠሩባቸው እርሻዎች ነው። አይዛክ ቤትም ባሪያዎች ነበሩ። ኒውዮርክ ባርነትን ሙሉ በሙሉ ያቆመችው በ1827 ነው፤ የፍራንክሊን አያት ያኔ ጎልማሳ ነበር። ይሄን ያህል ቅርብ ነው።

አንድ ላይ ካልተጻፈ ግማሹ ታሪክ ነው።

የሜሪላንድ እናት፦

በጣም እስማማለሁ። በነገራችን ላይ ሶጆርነር ትሩዝን ታውቋታላችሁ? በባርነት ላይ የታገለችው ታላቅ ሴት። የተወለደችው አልስተር በሚባለው አውራጃ ነው፤ ኢሶፐስ ያለው እዚያው ነው። ጌቶቿ ሆላንዶች ስለነበሩ አፏን የፈታችው በሆላንድኛ ነው፣ እንግሊዝኛ የተማረችው በኋላ ተሸጣ ከሄደች በኋላ ነው። ልጅ ሆና አዲሱ ባለቤቷ በእንግሊዝኛ የሚላትን ስላልገባት ይገርፋት ነበር። የሆላንዶቹ አገዛዝ ካበቃ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ማለት ነው። ሆላንድኛ የነጮቹ ቋንቋ ብቻ አልነበረም።

የሮተርዳም ልጅ፦

ስለ ቋንቋው ካነሳሽ አይቀር እህቴ፣ ቴዎዶር በጻፈው ግለ ታሪክ ላይ የሚያምር ነገር አለ። የሚያውቃት ሆላንድኛ አንዲት የሕጻናት ዜማ ብቻ ናት፤ ያስተማረችውም የአባቱ እናት ናት። እሷ ራሷ ግን ሆላንዳዊት አይደለችም፣ ፔንሲልቬንያ የመጣች ናት። ከባሏ ቤተሰብ ሰምታ ይዛት መሆን አለበት። በ1909 ለአደን ምሥራቅ አፍሪካ ሲሄድ ኬንያ ላይ የሰፈሩ፣ የሆላንድ ዘር ያላቸው ቦዌሮችን አግኝቶ ያችን ዜማ አለላቸው። አነጋገሩ መጀመሪያ ባይገባቸውም ጥቂት የማይባሉት አወቋት። ሁለቱም ወገን ከሆላንድ የወጣው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ አንዱ ወደ ኒው አምስተርዳም፣ ሌላው ወደ ኬፕታውን። ዜማዋ በሁለቱም በኩል ሳትሞት ቆየች።

የጎጃም ሰው፦

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ይሄን ሁሉ ከየት አገኙት? እኛ ሰባት ቤት የምንቆጥረው በቃል ነው። እነሱ በወረቀት ነው። ወረቀቱ እንዴት አልጠፋም?

ዘር ቆጣሪ፦

ዋናው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። የኒው አምስተርዳም የተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ከ1639 ጀምሮ ጋብቻና ክርስትና መዝግባለች፣ መዝገቡም አለ። አንድ ሕጻን ክርስትና ሲነሳ የአባቱ ስም፣ የእናቱ ስም፣ የምስክሮቹ ስም ይጻፋል። ምስክሮቹ ብዙ ጊዜ አያት ወይ አክስት ስለሚሆኑ የጠፋ ዝምድና የሚገኘው በእነሱ በኩል ነው። ስም አወጣጡም ይረዳል። ሆላንዶች ልጃቸውን በአያቱ ስም ይጠሩ ነበር። ሃይድ ፓርክ በኩል አይዛክ፣ ጄምስ፣ አይዛክ፣ ጄምስ እየተባለ የሄደው ለዚህ ነው። በልማዱ ቢሆን ፍራንክሊንም አይዛክ መባል ነበረበት፤ ግን በእናቱ አጎት በፍራንክሊን ዴላኖ ስም ተጠራ።

ከዚያ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱሱ አለ። በ1686 የታተመ፣ በሆላንድኛ የተጻፈ፣ ትልቅ የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። የልደት መዝገብ የሚጻፍበትም እሱ ነው። ፍራንክሊን በ1933፣ በ1937፣ በ1941 እና በ1945 አራቱንም ጊዜ ቃለ መሐላ የፈጸመው እጁን በእሱ ላይ አድርጎ ነው፤ ገጹ 1ኛ ቆሮንቶስ 13 ላይ ተከፍቶ።

ጡረተኛው መምህር፦

ይሄስ የእኛም ነው። አባቴ የሁላችንንም የልደትና የክርስትና ቀን የጻፉት ዳዊታቸው መጨረሻ ላይ ባለው ባዶ ብራና ላይ ነው፣ ከነክርስትና አባታችን ስም። የእናቴ ዕረፍትም እዚያው አለ። ቤታችሁ አሮጌ ዳዊት ወይ ውዳሴ ማርያም ያላችሁ ገልጣችሁ እዩ። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ብራናውን ግን በእርጥብ እጅ አትንኩ።

ጠያቂው፦

ዘር ቆጣሪ፣ ቀጣዩን ስለ ማን ልትጽፍልን ነው? ማርቲን ቫን ቢዩረንም ሆላንድ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

ዘር ቆጣሪ፦

አዎ፣ እሱን ነው ያሰብኩት። ስምንተኛው ፕሬዚዳንት ነው። በ1782 ኪንደርሁክ ውስጥ ሲወለድ እዚያ ሰፈር ገና ሆላንድኛ ነበር የሚነገረው፣ እሱም አፉን የፈታው በሆላንድኛ ነው። ቅድመ አያቶቹ ከኮርኔሊስ ማሰን ይመዘዛሉ፤ በ1631 ቡረን ከምትባል ከተማ አጠገብ ካለ መንደር ተነስቶ ዛሬ አልባኒ ከምንላት ከተማ አካባቢ፣ ፋን ሬንሰላር የተባለው የአምስተርዳም ነጋዴ ርስት ላይ ጭሰኛ ሆኖ የገባ ሰው ነው። ጥቁር መዝገብ፣ አንተ ደግሞ በዚያ ርስት ላይ ስለነበሩት አፍሪካውያን ያለህን ብታዘጋጅልኝ አንድ ላይ እናወጣዋለን።

ጥቁር መዝገብ፦

እሺ፣ በደስታ። የቫን ቢዩረን አባት መጠጥ ቤትና ባሪያዎች ነበሩት። ከእሱ እጀምራለሁ።